ድምፃቸውን ለሸክላ የሰጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር፥ ሠርግ በተደገሰ ጊዜ ከዳሱ በአንደኛው ማዕዘን አንድ ወጣት ጠረጴዛ ዘርግቶ፥ መሣሪያውን ደርድሮ፥ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎችን በግራና በቀኝ አቁሞ ሲሠራ ይታያል። ሕዝቡም ዲጄ ብሎ ይጠራዋል። ይህ ወጣት አይዘፍንም፤ መሰንቆም ክራርም አይመታም። ሥራው ሌሎች የዘፈኑትን እያከታተለ፥ አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋራ እያያያዘ፥ የዳሱ ሰው ከጨዋታው እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ባለፈው ዘመን ይህን ስፍራ የያዘው ባለመሰንቆው አዝማሪ ነበረ፤ ዛሬም ቢሆን ሁለቱ በአንድ ዳስ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። አዝማሪው የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ወጣቱ ግን የመቶ ሰው ድምፅ በኪሱ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሙያ በዓለም ላይ የራሱ ታሪክና የራሱ ባለ ስሞች አሉት፤ ከነርሱም ስለ አንዱ ወደ ኋላ እንናገራለን። ነገር ግን የሰው ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ በዕቃ ላይ ባይቀረጽ ኖሮ ሙያው ሊፈጠር ባልቻለም ነበር። ስለዚህ የነገሩን ሥር ለመመርመር የሚወድ ሰው፥ ከኢትዮጵያውያን መካከል ዘፈኑን በመጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። እኒህም ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በግጥም ዐዋቂነታቸውና በጨዋታቸው ስማቸው ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ድምፃቸውን ለሸክላ የሰጡበት ነገር ግን ባጭሩ እየተጠቀሰ ስለሚታለፍ፥ ዛሬ ጥቂት ልንቈይበት ወደድን።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በሸዋ በምንጃር ተወለዱ። ከአዝማሪ ወገን የተወለዱ አልነበሩም። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የቈየው ሥርዐት እንደ ነበረ፥ የመኳንንት አሽከርም ሆነ የባላገር ልጅ በጦር ሜዳ ፉከራና ሽለላ፥ በግብርም ላይ ግጥም ቢያሰማ ይከበርበት ነበር እንጂ አይነወርም፤ መሰንቆ አንሥቶ መዝፈን ግን ለተለየ ወገን የተተወ፥ የሚፈለግና የሚናቅ ሥራ ነበረ። አዝማሪው በሌለበት ድግስ አያምርም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ግን አይገኝም። በግእዝ ትምህርት ላለፈ ሰው ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ አዝማሪ የሚለው ስምና መዝሙር የሚለው ስም ከአንድ ግስ፥ ዘመረ ከሚለው፥ የወጡ ናቸውና። አንደኛው ወንድም ወደ ቅኔ ማሕሌት ገባ፥ ሁለተኛው ወደ ጠጅ ቤት ወጣ፤ ከዚያም በኋላ እንደማይተዋወቁ ሆኑ።

ወጣቱ ተሰማ ግን በዚህ ወሰን ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ ለመሻገር አልፈሩም። ድምፃቸው የተወደደ፥ ግጥማቸው ሰምና ወርቁ የተስማማ ስለ ነበረ፥ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በቤተ መንግሥትም በመኳንንቱም ዘንድ ታወቁ። ሰምና ወርቅ ማለት ለጎጃም ሊቃውንት የሚተረጐም ነገር አይደለም። ቅኔ የሚቈጠርበት አገር ሰው፥ በአማርኛ ግጥም ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ፊት ይዞ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ይነቃል። ነጋድራስ ተሰማም ይወደዱ የነበረው በዚህ ነው፤ ቃሉ በላዩ ጨዋታ ነው፥ በውስጡ ግን የሚነካው ሰው ራሱን ያውቃል።

የድምፅ መቅረጫ መኪና ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገባው ከነጋድራስ ተሰማ ጉዞ አስቀድሞ ነው። በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ። መልእክቱ አዲስ አበባ ደርሶ በተሰማ ጊዜ መድፍ ተተኰሰለት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደጋግመው አዳመጡት። ከተሰማ በኋላ ግን፥ አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት፥ ድምፁ ያለበት የሰም በርሜል ተሰበረ። ንግሥቲቱ ድምፃቸው ባልታሰበ ስፍራና ባልታሰበ ሰው እጅ እንዲቀር አልፈቀዱም ነበር። አሳባቸው የሚገባ ነው፤ ድምፅ የሰውነት ክፍል ነውና ማን እንደሚሰማው፥ በምን ቀንና በምን ቤት እንደሚሰማው ሳያውቁ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ አንድ የምንጃር ሰው ድምፁን እንዳይሰበር አድርጎ፥ ለገዛ ሁሉ እንዲሰማ ሰጠው።

እንዴት እንደ ሆነ እንናገር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊና ጀርመናዊው ነጋዴ አርኖልድ ሆልትስ አውቶሞቢሎች ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ለአጼ ምኒልክ አሳዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ጥበብ ሁሉ ልባቸው ክፍት ስለ ነበረ፥ መኪናው ያለ ነጂና ያለ ዐዋቂ እንደማይጠቅም አይተው፥ የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ተሰማ እሸቴን ወደ ጀርመን አገር ላኩ። ጀርመንና ኢትዮጵያ የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተዋዋሉ ገና ሦስት ዓመት ነበረ። የምድር ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበርና፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ድሬዳዋ እስኪደርስ በበቅሎ ይጓዝ ነበር።

ተሰማ ወደ ጀርመን ሲሄዱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። የተላኩበት ጕዳይ ሞተር ነበረ፤ ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የቀረበት ግን ድምፃቸው ነው። ጀርመን በዚያን ጊዜ የሸክላ ሥራ የበረታባት አገር ነበረች። በሰም በርሜል ፈንታ በጠፍጣፋ ክብ ላይ ድምፅ የሚቀረጽበትን ግራሞፎን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ኤሚል በርሊነር የሐኖቨር ተወላጅ ነው፤ በዚያችው ከተማ በ1890 ዓ.ም. ሸክላ እየታተመ ለዓለም የሚላክበት ትልቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። የሸክላ ነጋዴዎችም የያንዳንዱን አገር ሕዝብ በቋንቋው ገዢ ለማድረግ፥ ከእስያም ከአፍሪካም ዘፋኝ የሚፈልጉበት ዘመን ነበረ። ግጥም ዐዋቂና ድምፀ መልካም የሆነ ኢትዮጵያዊ ከደጃቸው ሲደርስላቸው የሚያልፉት አልነበሩም። በዚህ ሁኔታ ነጋድራስ ተሰማ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዐሥራ ሰባት ያህል ሸክላ ሞሉ። ከዚያ በፊት በንግድ ሸክላ ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ዘፈን አልነበረም።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀረጽበት አሠራር ዛሬ በእጅ ስልኩ ዘፈን ለሚቀዳ ወጣት የሚታመን አይመስለንም። ማይክሮፎን ገና ለዚህ ሥራ አልዋለም፤ የዋለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ነው። ዘፋኙ በዝግ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ተሰክቶ በወጣ ጡሩንባ መሰል ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ውስጥ ገብቶ ቀጭን ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌውን፥ መርፌውም የሚዞረውን ሰም እየቈፈረ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የሚያግዘው ነገር ስለሌለ ሰሙን የሚጭረው የዘፋኙ የራሱ ትንፋሽ ጕልበት ነበረ። ራሱን ጥቂት ዘወር ቢያደርግ ድምፁ ይጠፋል፤ ቢያስል ወይም ቢሳሳት ሰሙ ይበላሽና እንደ ገና ይጀመራል። ሰሙ መልካም ሆኖ ከተገኘ ከርሱ የብረት ማተሚያ ይወጣለታል፤ በዚያም ማተሚያ ሸክላው እንደ ዳቦ እየተጋገረ በብዙ ይታተማል። ፈረንጆች ሸላክ የሚሉት፥ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋራ ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ ከእኛው ሸክላ ጋራ በስሙም ተቀራርቧል፥ በጠባዩም ተስማምቷል፤ ሁለቱም ሲወድቁ ይሰበራሉና።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የጊዜው ነገር ነው። የዚያን ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል፥ ትልቁም ቢሆን ከአራት ብዙ የማያልፍ ነበረ። አዝማሪ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ምን ይሠራል? በዳስ ውስጥ ቢሆን ገና መሰንቆውን አስማምቶ፥ ጌታውን ሰላም ብሎ፥ ማን እንደ ከፋው ማን እንደ ተደሰተ በዐይኑ እየቃኘ ባለበት ሰዓት ነው። ከዚያም ከተቀመጡት አንዱ ተቀበል ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፥ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፥ ሌላው ደግሞ ይመልሳል፤ ዘፈኑ የአንድ ሰው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ነጋድራስ ተሰማ በጀርመን አገር በዚያ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ግጥም የሚሰጣቸው አልነበረም፤ የሚስቅም የሚያዝንም አልነበረም። ከፊታቸው ያለው የቀንድ አፍ ነው፤ ከጀርባውም አንድ የአማርኛ ቃል የማያውቁ ሠራተኞች አሉ። ሰምና ወርቁን የሚለይላቸው ሰው በሌለበት ቤት ሰምና ወርቅ ተናገሩ። የሰሚው ፊት ሳይታይ፥ የሚሰማ እንደሚገኝ ብቻ አምኖ ግጥም መናገር ለእኛ እጅግ ደፋር ነገር ሆኖ ይታየናል፤ ግጥማቸውን ለማድነቅ ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ይህ ያስደንቀናል።

ወደ ኋላ እንናገራለን ያልነውን በዚህ ስፍራ ማስገባት ተገቢ ነው። ሸክላው የዘፈኑን ሌሊት ቈርጦ ሦስት ደቂቃ ካደረገው ከብዙ ዘመን በኋላ፥ የተቈረጠውን መልሶ ለመቀጠል የተነሡ ሰዎች በአሜሪካ አገር ተገኙ። ከነርሱ አንዱ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 በኒው ዮርክ የተወለደ ጥቍር አሜሪካዊ ነው። በ1977 ወደ ቺካጎ ተጠርቶ ሄደና፥ መጋዘን ተብሎ በሚጠራ የጭፈራ ቤት ውስጥ ሸክላ እያጫወተ ሌሊቱን ያስነጋ ጀመር። ከሸክላው ለጭፈራ የሚመቸውን ክፍል ብቻ በቴፕ እየቈረጠና እየደጋገመ፥ በኋላም የከበሮ መኪና እያከለበት፥ አጭሩን ዘፈን ሕዝቡ እስኪጠግበው ድረስ ያረዝመው ነበር። ሀውስ የተባለው የሙዚቃ ዐይነት ስሙን ያገኘው ከዚያ መጋዘን ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም መጨረሻ እንደ ሆነ ይነገራል። የቺካጎ ከተማ በ2004 አንዱን መንገድ በስሙ ጠራለት፤ በ2014 ሞተ። በማሕሌት ያደገ አንባቢ ከዚህ ሰው ሥራ አንዱ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በቁም ዜማ ተጀምሮ ወደ ዝማሜ፥ ከዚያም ከበሮው እየተነሣ ወደ መረግድና ወደ ጽፋት ሲሄድ፥ ሌሊት እንዴት እየተሞቀ እንደሚነጋ ያውቃልና። ሥራውንና ዓላማውን አንድ ማድረጋችን አይደለም፤ አንዱ የምስጋና ሌላው የጨዋታ ነው። የሰው ጆሮና የሰው እግር ግን ሌሊት የሚፈልጉት ጊዜ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ሦስት ደቂቃም አይበቃቸውም።

ወደ ነጋድራስ እንመለስ። ከጀርመን የተመለሱት ዘመኑ ሊለወጥ በተቃረበበት ሰዓት ነው። አጼ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበር፤ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታውጆ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአውቶሞቢል ነጂዎች አንዱ ሆኑ፤ ልጅ ኢያሱም ቀረቧቸው፥ ወደዷቸውም። ልጅ ኢያሱ ወጣት፥ ጨዋታ ወዳድ፥ በአንድ ስፍራ መቀመጥ የማይሆንላቸው ስለ ነበሩ፥ ሞተር የሚያውቅና ግጥም የሚያውቅ ሰው በአንድነት ሲያገኙ መቅረባቸው አይደንቅም። በዚያ ወዳጅነት ነጋድራስ ከፍ አሉ፤ በዚያው ወዳጅነት ደግሞ ተጐዱ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ የወዳጆቻቸው ሞገስ አብሮ ወረደ። የልጅ ኢያሱ ነገር ለጎጃምም ቈይቶ ደርሶታል፤ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ አምልጠው በተያዙ ጊዜ፥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጕዳዩ ተከሰው ግዛታቸውን አጥተዋልና።

ከዚህ በኋላ ያለው የነጋድራስ ኑሮ ከቤተ መንግሥት ጨዋታ የራቀ ነበረ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ስለ እኒህ ልጅ ለአንባቢ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፥ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘው ቡድናችን አሠልጣኝ፥ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በስታዲዮም የልጁን ስም የሚጠራ ሕዝብ የአባቱን ድምፅ የሰማ ግን ጥቂት ነበረ።

ይህም የሆነው ሸክላዎቹ እየጠፉ ስለ ሄዱ ነው። ሸክላ የሚሰማበት መኪና የነበረው ባለጸጋ ብቻ ነበረ፤ ከነበሩትም ቤቶች ስንቱ በጦርነት ተዘረፈ፥ ስንቱስ ሸክላ በመርፌው መደጋገም ተላጠ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ዐላማው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው ግን በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት እጅግ ጥቂት ሆኖ ታየ። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ትእዛዙን ደፍረው በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ የመጀመሪያዎቹም በሕንድ አገር ታትመው መጡ። በስም ቢመሳሰሉም ከነጋድራስ ጋራ የሥጋ ዝምድና እንዳላቸው አድርገን መናገራችን አይደለም፤ በድፍረት ግን ይዛመዳሉ። ነጋድራስ ይህን ሳያዩ፥ በ1957 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈው ነበር።

ግጥማቸውና ታሪካቸው በልጃቸው በአቶ ይድነቃቸው ተሰብስቦ፥ ሰምና ወርቅ በሚል ስም በ1985 ዓ.ም. ታተመ፤ ሰብሳቢውም መጽሐፉ ሳይወጣ በ1979 ዓ.ም. ሞተው ነበር። ድምፃቸው ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚባል ፈረንሳዊ ትጋት ከየስፍራው ተለቅሞ፥ ኢትዮጲክ በተባለው ተከታታይ ስብስብ ሃያ ሰባተኛ ክፍል ሆኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በፓሪስ ወጣ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ መቶኛ ዓመት መታሰቢያም ተባለ። የዚያን ድካም ማመስገን ይገባል። በእኛ ዘንድ ያለው መዝገብ ቤት ስንት ሸክላ፥ ስንትስ የቴፕ ክር ከአቧራ በታች እንዳለበት የሚያውቁ ባለ ሥልጣኖች፥ አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ሥራ ስለ ምን ቀድሞ እንደ ሠራው ራሳቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ። የገጠሩ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስቸኵላል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሸምግለው መሰንቆ የሚመቱ፥ ከአባታቸው የተቀበሉትን የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ የነዚህን ድምፅ የሚቀዳው ከዳሱ ማዕዘን የተቀመጠው ያ ወጣት ነው፥ እርሱም ለገበያው እንጂ ለመዝገብ ብሎ አይደለም።

በፓሪስ የወጣው ስብስብ ነጋድራስን የጠራው አዝማሪ ተሰማ እሸቴ ብሎ ነው። ማዕረጋቸውን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውም የሚገባ ነው፥ ነጋድራስ ተብለው የኖሩ ሰው በነጋድራስነታቸው ሊጠሩ ይገባልና። ነገር ግን ስሙ ስድብ የሚሆነው ስድብ ብለን በምንሰማው በእኛ ጆሮ ነው። እርሳቸው መሰንቆውን ሲያነሡ አልሸሹትም፤ በባዕድ አገር በዚያ የቀንድ አፍ ፊት ሲቆሙም ማንነታቸውን የሚያውቅ አልነበረምና፥ ሊያሳፍራቸው የሚችል አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ድምፃቸው በእጅ ስልክ ይገኛል። መርፌው የጫረው የሰም ድምፅ እንደ ዝናብ ከኋላ እየተሰማ፥ ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘፍናሉ፤ ከዚያም ግጥሙ ገና የሚቀጥል መስሎ ሳለ ሸክላው ያልቃል።